«ከሰላምታ ጋር» ምን ጎደለው?

ወጣቱ ጠበቃ የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ መዝጊያው ላይ ይቸገራል። «ከሰላምታ ጋር» ቢል ዕዳ ለሚጠየቅ ሰው የለሰለሰ፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ቢል ደግሞ የተለማመጠ ይመስለዋል። ስለዚህ «ውርድ ከራሴ» ብሎ ይዝትና ከሥሩ ሦስት መሥመር ማዕረግ ከነማኅተሙ ይደረድራል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 የሚፈልገው ግን ማስጠንቀቂያውን እንጂ ማዕረጉን አይደለም። የገንዘቡ መጠንና የመክፈያው ቀን በግልጽ ካልተጻፉ ማኅተሙ ምን ይፈይዳል? ደግሞ ያ ደብዳቤ ነገ በማስረጃነት ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ዳኛው ዛቻውን ሲያነቡ የሚሳቀቀው ፊት ለፊት የቆመው ደንበኛ ነው።

«ከሰላምታ ጋር» ይበቃል። አቤቱታ ላይ ሲሆንማ (ደግነቱ) ምርጫም የለ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጦ መፈረም ነው።