በእብድ ነገር አሻራችሁን ከማኖራችሁ በፊት

የደባርቅ፣ የዳባትና የጃናሞራ ሽማግሌዎች፣ በጎንደር ከተማም ለዕርቅ የምትቀመጡ እኩዮቼ፤ ደም ማድረቅ የአባቶቻችን ወግ ነውና ተዉት አልላችሁም። የምፈራው ሌላ ነው። ገዳዩ አእምሮው የታመመ ሲሆን፣ ጤነኛ ነው ወይም እብድ ነው ብለን እኛው መፍረድ ለምደናል። ይህን የሚመሰክር ወረቀት ሲመጣም አሻራችንን እናኖርበታለን። ከዚህ እጃችሁን ሰብስቡ።

የሟች ወገን ሲያይልብን፣ በሽተኛውን "ደህና ሰው ነው" እንላለን፤ ታሞ ወህኒ ይገባል፣ እንደታመመ ይወጣል፣ ያኔ ሁለተኛ ደም ይፈሳል። የገዳይ ወገን ሲበረታ ደግሞ ደህናውን "ድሮም ያመው ነበር" እንላለን። አረቄ ጠጥቶ ጠመንጃ ያነሳውን ሳይቀር! ለመግደል ብሎ የሰከረውን ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 አይለቀውም።

ፍትሐ ነገሥቱም አእምሮ የሌለውን ከቅጣት ያወጣው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የሚሠራውን ያላወቀ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ኃላፊ አይሆንም ይላል። ከቅጣት ይድናል እንጂ ለሰው የሚያሰጋ ከሆነ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በአንቀጽ 130 መሠረት ተቋም ገብቶ ይጠበቃል። እስረኛ ዓመት ይቆረጥለታል፤ እሱ አይቆረጥለትም። አንቀጽ 132 ጊዜውን ሳይወስን፣ ፍርድ ቤት በየ2 ዓመቱ እንዲያየው ያዛል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገንን ያቆሰለው ሰው በ1982 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው። የወንድማችሁን ልጅ ለማዳን የምትዋሹ፣ በር እየዘጋችሁበት እንደሆነ ዕወቁ።

ለእኔ 2 ዓመት ይረዝማል፤ በየዓመቱ ቢታይ እወዳለሁ። ቢታይም ግን ደም ያለበት ቤተሰብ አገር ጥሎ ተሰዷል፤ በቀጠሮው ቀን "የኛ ነው" የሚል ማን ይቆማል? ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ከሆነማ ማን ይሄዳል?

ደግሞ ይህ ሁሉ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ ወዲያ ነው። ከዚያ በፊት የታሰረበት ሰንሰለት የበሽተኛውን ቁርጭምጭሚት ልጦት፣ ቁስሉን ዝንብ ሲወረው እያየን "ጸበል ላይ ነው" ብለን ያለፍነው ስንቱን ነው? ጸበሉን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይዋጥ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም አለ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የሐኪም ማስረጃ ሳይቀርብ ስለ ሰው አእምሮ ቃል አትስጡ። የሟችን ወገን ስታስታርቁ፣ በሽተኛው ድኖ ቢመለስ እንዳይነኩት በመስቀል አስምሉ። ጉዳዩ በሚታይበት ቀንም ከመካከላችሁ ለአንዱ ስንቅ ቋጥራችሁ ላኩት።