መንገዱ ሰፋ፣ ገበያው ራቀ

መንገድ ከተሠራ ልማት ይከተላል የሚል ሥር የሰደደ እምነት አለን። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት እስከ ወረዳ ሪፖርቱ የሚቀርበው በኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባው የፒያሳ ኮሪደር ልማትም የሚወደሰው በዚሁ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ነው። ሰው እንጀራው ጋ ለመድረስ ስንት ብርና ስንት ሰዓት እንደሚያወጣ የማይቆጥር ልማት ድሃውን ያደኸያል።

የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያሻውም። ጎህ ሳይቀድ ምጣድ የምትጥድ እናት፣ ረፋድ ላይ እንጀራዋን ተሸክማ በአካባቢው ላሉ ምግብ ቤቶች በእግሯ ታስረክብ ነበር። ከአንድ እንጀራ የምታተርፈው ሳንቲም የታክሲ ሒሳብ አይችልም፤ ሥራው የቆመው ደንበኛው ቅርብ በመሆኑ ብቻ ነው። ሊስትሮውም፣ ጀብሎውም፣ የወርቅ ቤቱ ተላላኪም እንዲሁ። የከተማዋ የራሷ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአዲስ አበባ ጉዞ በእግር እንደሆነ ይናገራል።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና አራብሳን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተወሰዱ። የተሰጣቸው ቤት ከዘመመው የጭቃ ቤት እንደሚሻል፣ የፒያሳ አዲሱ የእግረኛ መንገድም ለእግር እንደሚመች አልክድም። ነገር ግን በእግረኛ መንገዱ ላይ ይሄድ የነበረው እግረኛ አሁን ገላን ጉራ ነው። ጠዋት ተሰልፎ፣ ታክሲ ቀያይሮ ፒያሳ እስኪደርስ ምግብ ቤቱ እንጀራውን ከሌላ ተረክቧል።

ይበልጥ የሚያንገበግበው የባቡሩ ነገር ነው። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ ምኒልክ አደባባይን ከቃሊቲ ያገናኛል። በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ 41 ባቡሮች ተገዝተውለት፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። እንደ ገላን ጉራ ወዳለ የአቃቂ ቃሊቲ ሰፈር የተላከን ሰው በርካሽ ወደ ገበያው ሊመልስ የሚችለው ሐዲድ ተዘርግቶ ሳለ፣ ገንዘቡም ጥድፊያውም ወደ አስፋልቱ ሄደ። ቅድሚያው የተሰጠው ለመኪና ባለቤት ነው ብል ማን ያስተባብለኛል?

ፒያሳን ያቀፈችው አራዳ ገበያ ሲነቀልባት የመጀመሪያዋ አይደለም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይደራ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር የወሰደው በ1928 ከተማዋን የያዘው ፋሺስት ጣሊያን ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ አትክልት ተራ በ2012 በኮቪድ ሰበብ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። አንድ ሣጥን ቲማቲም በኩሊ አሸክማ ጉሊቷ ላይ ትዘረጋ የነበረች ሴት የመኪና ኪራይ ተጨመረባት፤ ኪራዩም ዞሮ ተመልሶ ሸማቹ ድስት ውስጥ ገባ።

የገጠሩም በሽታ ይኸው ነው። በ1989 የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ ዛሬ ከ100 ሺህ አልፏል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም የፎገራ ሽንኩርት አምራች ማሳው አጠገብ መንገድ ቢደርስለትም መኪናው የነጋዴው ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። ማከማቻ ስለሌለው፣ ሽንኩርቱ ከሚበሰብስበት በተባለው ዋጋ ይሸጣል።

በ2017 ካዛንቺስም ፈርሳለች። ለሚቀጥለው ሰፈር፣ ዶዘር ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ገቢውን ከየት እንደሚያገኝና እዚያ በምን እንደሚደርስ ተጠይቆ ይመዝገብ። አውቶቡሱም ከነዋሪው ቀድሞ ይግባ። በፒያሳ በሚነሱት ሕንፃዎች ምድር ቤትም እንጀራ ሻጯ በአቅሟ የምትከራየው ቦታ ይመደብላት።