ንስሐ አባት ከነዲግሪያቸው

በወሎ፣ ራያ ቆቦ ላይ፣ ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ ወደ ቢሮ አይሄድም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ንስሐ አባት ይጠራሉ፤ ቤቱ የሙስሊም ከሆነ ሼሁ ይመጣሉ። ደም ሲፈስ የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ተቀምጠው፣ ደም ያደርቃሉ። ሰው ሲሞት ቅሬው (እድሩ) አለ። “ሶሻል ወርከር” የሚባለው ሰው ከመጣም የሚመጣው ከሁሉም በኋላ፣ ቅጽ ይዞ ነው።

አንድ የዚሁ አካባቢ፣ የሮቢት፣ ዲያቆን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ክህነቱንም የተጎዳ ሰው የሚደገፍበትን ሙያም አንድ ላይ ልማር አለ እንበል። መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። ማኅበራዊ ሥራን ብሎ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ ሃይማኖቱን በር ላይ አስቀምጦ ይገባል። መንፈሳዊ ኮሌጅ ቢገባ ትርጓሜና ዶግማ ይጠግባል፤ የተደፈረች ልጅን ወዴት፣ እንዴት እንደሚያደርሳት የሚያስተምረው ማግኘቱ ግን የዕድል ጉዳይ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ደግሞ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከአባል ተቋማቱ አንዱ ነበር፤ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቱም በኋላ እዚያው ሥር ገባ። ቄሱና ማኅበራዊ ሠራተኛው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ደርግ ሁለቱንም ዘጋቸው። ሲመለሱ ግን በየፊናቸው ተመለሱ፦ ቅድስት ሥላሴ በቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ማኅበራዊ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ።

የሚገርመው ሙያው ራሱ ከካህን ደጅ የወጣ መሆኑ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1884 ቶይንቢ ሆል የተባለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት የከፈቱት ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪየታ ናቸው። ያንን ያየችው አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 ቺካጎ ላይ ተመሳሳዩን፣ ሀል ሀውስን፣ አቋቋመች፤ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፈለች። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ዳግም ሲከፈት አጋር የሆነው በስሟ የሚጠራው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር።

ወሎ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወጥተው በረሃብ የሞተች እናት ጎን የተጋደመ ሕፃን አገኙ፤ ይዘውት ተመለሱ፤ ልጆቹ እየበዙ ሄደው የሕፃናት ማሳደጊያ ሆነ። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ጉዞው የመሳለም ነበር። ከእሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ጭብጡ ግልጽ ነው፦ ለውኃ ጉድጓድና ለክሊኒክ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌሉ ግን ትነፍጋላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው ለሁለት አይቆረጥም። በዚያው ዓመት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የልማትና ተራድኦ ኮሚሽኗን አቋቋመች። ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደሉ፤ ክርክራቸው አልሞተም።

ሁለቱ ትምህርቶች፣ ክህነቱና ማኅበራዊ ሥራው፣ ራያ ላይ የት እንደሚገናኙ ማየት የፈለገ ሠርግ ይሂድ። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ይላል። የልጅቷ የልደት ወረቀት ላይኖር ይችላል፤ ይሁን እንጂ በ80 ቀኗ ያጠመቋት ቄስ ዕድሜዋን ከቀበሌው የበለጠ ያውቃሉ። እሳቸው “አልባርክም” ካሉ ሠርጉ ይናጋል። ግን እዚህ ላይ የሚያሳፍር ነገር አለ፤ መደበቅም አይገባም። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ ሙሽራዋም ድንግል መሆን አለባት፤ በዚህ ሰበብ አንዳንድ ዲያቆናት ራሳቸው ለጋ ልጅ ያገባሉ። ስለዚህ ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከመንደሩ ሳይሆን ከተማሪው ቤት ነው።

ሌላም አለ፣ ይበልጥ የሚከብድ። ንስሐ አባት የሰሙትን አያወጡም። አንዲት ሴት በኑዛዜ ላይ “ልጄን አባቷ ይነካታል” ብትላቸውስ? ማኅበራዊ ሠራተኛ ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ለሚመለከተው ያሳውቃል፤ ካህን ምስጢር ይጠብቃል። እናትየዋን አበርትተው ራሷ ወደ ሕግ እንድትሄድ ማድረግ፣ አብረዋት እስከ ፖሊስ ጣቢያ መራመድ፣ የኑዛዜውን ቃል ሳያወጡ ልጅቷን ማስጠለል ይቻላል። ይህ ግን በደመ ነፍስ አይሆንም፤ ክፍል ውስጥ ተከራክረውበት፣ ተለማምደውበት የሚገኝ ብልሃት ነው። ሁለቱን አብሮ የሚያስተምር አንድ ትንሽ ክርስቲያን ኮሌጅ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚበልጥበት ነገር ካለ ይኸው ነው። ሃያ ተማሪ፣ አንድ ገጠመኝ፣ ሙሉ ከሰዓት።

በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ የወጣው ልጅ ጉዳይ ይህን ያህል አያከራክርም። ወጣቱ ከራያ ቆቦ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ተባሮ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የተቀመጠች እናትን ማጽናናት ፍትሐትም ይጠይቃል፣ የሐዘን ሙያም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነት በራያ ሲመላለስ ይህ ዓይነቱ ሐዘን በዝቷል።

አሁን እንዲህ ባለው ክርስቲያን ኮሌጅ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ። ራያ የክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ይኖርበታል። “በስንዴ ሃይማኖት ያስለውጣሉ” የሚለው ክስ የመጣው ከእውነተኛ ቁስል ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአላማጣ በላይ ኮረም ሜዳ ላይ የተኛውን ሰው እህል ይዘው ከደረሱት ብዙዎቹ የሃይማኖት ድርጅቶች ነበሩ፤ የተራበ ሰው ደግሞ የሚሰብከውን ሰው አይመርጥም። የቀይ መስቀል የ1994 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ ማራመጃ እንዳይሆን ያዛል። የዚህ ዓምድ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ያንን ደንብ የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ትምህርት የማያደርግ ኮሌጅ ራያ ባይመጣ ይሻላል። የሚያደርገው ግን ይምጣ፤ የዘወልድ ሽማግሌዎችንና አንድ ሼህ አስተማሪ አድርጎ ይቅጠር።

ኮሌጆቹ ሕንፃ እስኪሠሩ መጠበቅም አያስፈልጋቸውም። ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ወደ ቆቦ ይላኩ፣ በሐምሌና በነሐሴ። የራያ ማሽላ የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ኮሌጅ የሚዘጋበት ክረምት እዚህ ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ነው።