ጉንፋን ነው ይለቃል… እስከ መቼ?

ሰው አንዴ ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንለዋለን፤ እሱም «ያኑርህ» ይለናል። ሁለተኛውንም እንመርቃለን። አምስተኛው ላይ ግን ምርቃቱ ያልቅብንና «ምን ሆነህ ነው?» እንላለን። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ይለቃል።» ህዳር የጀመረው ጉንፋን ግን የካቲትም ላይ አለ። ለመሆኑ ይሄ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጉንፋን አይደለም፤ የአፍንጫ አለርጂ ነው። የዓለም አለርጂ ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከአዋቂዎች መካከል ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። በዚህ ስሌት ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከአስራ ሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዱ፣ ሁለቱ፣ ምናልባትም ሦስቱ የኛው ቢጤ ናቸው። (አስራ ሁለት ሰው ብቻ የጫነ ሚኒባስ ካገኛችሁ ማለታችን ነው።)

ልዩነቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጉንፋን ከቫይረስ ይመጣል፤ በሳምንት፣ ቢበዛ በአስር ቀን ይለቃል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። አፍንጫን፣ ዓይንን፣ ላንቃን ያሳክካል፤ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ያወርዳል፤ ወቅትና ቦታ ጠብቆ ይመላለሳል። ነገሩ የሰውነታችን ዘብ ምንም የማያደርገንን ብናኝ ጠላት መስሎት የሚከፍተው ጦርነት ነው። ደግሞ የልጅነት ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ሃያና ሰላሳ ዓመት በሰላም ከኖሩ በኋላም ይጀምራል።

ለዚህ ጦርነት ደምቢያ ውስጥ ሰበብ አይጠፋም። የሣር ጽጌ ብናኝ አለ። የውቂያ ሰሞን የገለባው ብናኝ አለ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች አሉ። የማገዶ ጭስና የበርበሬ ድለዛ አለርጂውን ባይፈጥሩትም የቆሰለውን አፍንጫ ያባብሱታል። ሁሌ የምትታማው አደይ አበባ ግን ያለ ስሟ ስም የተሰጣት ይመስለናል። የደማቅ አበቦች ብናኝ ከባድና ተለጣፊ ነው፤ የሚያጓጉዙት ንቦች ናቸው። አፍንጫችን የሚገባው በአብዛኛው ማንም ልብ የማይለው፣ ነፋስ የሚሸከመው የሣር ብናኝ ነው።

ታዲያ ለምን በሽታ ብለን አንጠራውም? መልሱ ከታሪካችን ጋር የተያያዘ ይመስለናል። በ1953 (እ.ኤ.አ.) የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። በማግስቱ ዓመት የጎንደር የጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር፤ ተማሪዎቹም ለመስክ ልምምድ ቆላ ድባ ድረስ ይመጡ ነበር። ወባ ዛሬም አልተወንም፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በሀገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። እንዲህ ባለ አገር ለበሽታ ያለን መለኪያ አንድ ነው፦ ይገድላል ወይስ አይገድልም? የማይገድል ከሆነ «ቻለው» ነው።

እንቻለው እንኳ ብንል ሂሳቡ ቀላል አይደለም። አፍንጫው የተደፈነ ሰው ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያድርና ሳያርፍ ይነጋል። በማግስቱ አስተማሪው ሰሌዳ ፊት፣ ባለሱቋ ሂሳብ ላይ፣ ገበሬው አውድማ ላይ ፈዞ ይውላል። ቡና ሲቆላ ሽታው አይመጣለትም። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ባስነጠሰ ቁጥር ሰው ገሸሽ ይልበታል። እዚህም ላይ አያበቃም። አፍንጫና ሳንባ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ አስም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአፍንጫውም ችግር አለባቸው። ያልታከመ አፍንጫ አስሙንም ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋው ግን በሽታው ስም ስላጣ የምንወስደው መድኃኒት ነው። «ሳይነስ አለብኝ» ብለን አሞክሳሲሊን እንውጣለን። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ አለርጂን አያውቅም፤ ትርፉ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማላመድ ነው። የሚያስተኛውን የድሮ የአለርጂ ክኒን ወስደን ባጃጅ እንነዳለን፤ እንቅልፍ የማያበዙ አዳዲሶች እያሉ። አፍንጫ የሚከፍቱትን ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ ስንጠቀም አፍንጫችን ያለነሱ አልከፈት ይላል። በየቀኑ የሚነፋውና ለብዙዎች የተሻለ የሚሠራው የአፍንጫ ስፕሬይ ግን መኖሩን የሚነግረን የለም።

እርግጥ ነው፣ ጦርነቱ፣ ወባውና ኑሮ ውድነቱ በተደራረቡበት ጊዜ ስለ አፍንጫ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን የምንጠይቀው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «ያሳክክሃል? በየዓመቱ ይመላለስብሃል? ደረትህን ያፍንሃል?» ተብሎ ይጠየቅ ነው የምንለው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ አጎበርና ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያስተምሩ ስለዚህም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩልን። ፋርማሲዎቻችንም አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሽጡልን።

የቀረው የኛው ድርሻ ነው። ውቂያ ላይ አፍንጫና አፍን በነጠላ መሸፈን፣ መኝታን ፀሐይ ላይ ማስጣትና አንሶላን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ብዙ ወጪ የለውም። ደረት ማፈን ወይም ማፏጨት ከመጣ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ነው።

በሽታ ለመባል የግድ መግደል የለበትም። እንቅልፍን፣ ሥራንና የቡና ሽታን ከሰው የሚወስድ ነገር ቢያንስ ስሙ ይገባዋል።

ቸር ይግጠመን!