«የአያታችን እጅ» አትበሉኝ

ለንደን ውስጥ የሊባኖስ ምግብ ቤት ገብቼ ሜኑ በገለጥኩ ቁጥር ደሜን የሚያፈላ ነገር አለ። «የአያታችን እጅ»፣ «ከእናታችን ጓዳ»፣ «የቤሩት የቤት ምግብ»። አባባሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ውሸቱ አንድ ነው። የማን እጅ? ከሠላሳ ዓመት ወዲህ በቤሩት የደህና ኑሮ ቤቶች ፐርሰሜሎ የከተፈችው፣ ኪቤ የጠፈጠፈችው፣ የወይን ቅጠል የጠቀለለችው የእኛ አገር ልጅ ናት። ስሪላንካዊቷም ፊሊፒናዊቷም አሉ። አያትየዋ ሳሎን ተቀምጣ ቡናዋን ስትጠጣ ከምድጃው ፊት የቆመችው ሌላ ሴት ነበረች። ሜኑው ላይ ግን የለችም።

የምናደደው ምግቡን ስለምወደው ነው። የለንደን ሐበሻ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ውጭ መብላት ሲያምረው ከራሳችን ምግብ ቤቶች ቀጥሎ የሚታየው የሊባኖስ ነው። ሁሙሱ፣ ፈላፈሉ፣ ምስርና ሩዝ ተቀላቅሎ የተጠበሰ ሽንኩርት የሚነሰነስበት ሙጀደራ፣ ሁሉም የጾም ነው። የሊባኖስ ክርስቲያኖችም ስለሚጾሙ ነገሩ ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ከማርብል አርች ሽቅብ በሚዘልቀው ኤጅዌር ሮድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ገበታዎች ጀርባ ስደት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ተነስቶ 15 ዓመት የነደደው የእርስ በርስ ጦርነት ከአገር ካስወጣቸው ሊባኖሳውያን ጥቂት የማይባሉት ኑሯቸውን እዚህ ከተማ መሠረቱ። ቤት ንብረትን ጥሎ መውጣትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለ አብሳይዋ ዝም ማለታቸው የሚከነክነኝም ለዚህ ነው።

ድሮ ምግብ ቤት ስንሄድ የሚቀርብልን በትንንሽ ሳህን የሚደረደረው መዜና የከሰል ጥብሱ ነበር። እሱ የምግብ ቤት ምግብ ነው፤ ከቤት ጓዳ ጋር ብዙ አይገናኝም። አሁን ግን የለንደን በላተኛ «የቤት ምግብ» ካላቀረባችሁ ብሏል። ሙሉኪያው፣ በሩዝና በሥጋ የተሞላው ዝኩኒ፣ በእርጎ የሚበስለው ኪቤ ገበታ ላይ ወጡ፤ ስለ አያት የሚተርኩ የምግብ መጻሕፍትም ተከተሉ። እነዚህ ምግቦች ደግሞ በትክክል የዚያች ከምድጃው ፊት የቆመችው ሴት ሥራዎች ናቸው።

ቤሩት ለብዙ ዓመታት የሠራች ወዳጄ ከእኔ ጋር ስትበላ ማየት ነበረባችሁ። ታቡሌው እንደመጣ በሹካ ገለጥ አድርጋ «ቡልጉሩ በዛ፤ ፐርሰሜሎው ደግሞ በማሽን ነው የተፈጨው» አለችኝ። ከዚያ በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ። ቅጠሉ ታጥቦ ውኃው ጠፈፍ እስኪል ይጠበቃል፤ በጭብጥ ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ በሰላ ቢላ አንዴ ብቻ በስሱ ይከተፋል። ደጋግሞ የመታው ሰው ያጠቁረዋል፣ ውኃም ያስወጣዋል። ዝኩኒው ቆዳው ሳይቀደድ በረጅም መቦርቦሪያ እስከ ጫፉ ይፈለፈላል። የወይን ቅጠሉ በጣት ውፍረት ተጠቅልሎ ድስት ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይደረደራል፤ ሲፈላ እንዳይፈታ ሳህን ይጫንበታል። ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ አልኳት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አሠሪዋ፣ ማዳም፣ እየጮኸች አስተማረቻት። ከዚያ በኋላ ማዳም ወጥ ቤት የምትገባው ጨው ልትቀምስ ብቻ ሆነ። እንግዳ መጥቶ «እጅሽ ይባረክ» ሲል ምርቃቱን የምትቀበለው ግን ማዳም ነበረች።

ያቺ እጅ በምን ሁኔታ እንደሠራች እንነጋገር። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው አስወጥቷታል፤ ዛሬም አልመለሳትም። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር አስሮታል። ቤቱን ለቃ ከወጣች ሕገወጥ ናት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2008 ይፋ እንዳደረገው ከጥር 2007 ጀምሮ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ ሞተዋል። ኤምባሲዎች 40ዎቹን ራስን ማጥፋት ብለው መዝግበዋል፤ ሌሎች 24 ደግሞ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፣ ብዙዎቹም ለማምለጥ ሲሞክሩ። በ2012 ቤሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ስትጎተት በቪዲዮ ያየናት የቤት ሠራተኛ ዓለም ደቻሳ ከሳምንታት በኋላ ሞተች። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው አምጥተው እዚያው ቆንስላ በር ላይ ጣሏቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንድትለቅ የሚያስችል አዲስ ውል ወጣ፤ ወር ተኩል ሳይሞላው የደላላ ኤጀንሲዎቹ ማኅበር ከስሶ በፍርድ ቤት አሳገደው። በዚያ የመከራ ወቅት ለተጣሉት ምግብና የቤት ኪራይ ካደረሱት አንዱ በ2017 የቤት ሠራተኞቹ ራሳቸው ያቆሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ነበር።

ለንደንም እጇ ንጹሕ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በሚያዝያ 2012 ከአሠሪያቸው ጋር የሚመጡ የቤት ሠራተኞች አሠሪ የመቀየር መብታቸውን ነጠቀ፤ በ2016 ሲመልሰውም በስድስት ወር ቪዛ አጥሮ ነው። ይህን ስጽፍ አዲስ አበባን የሚጠራልኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው! «የእናቴ ዶሮ ወጥ» ብለን የምናወድሰውን በሌሊት ተነስታ ሽንኩርቱን የከተፈችው ከገጠር የመጣች ልጅ የሆነችበት ቤት ብዙ ነው፤ የእሷም መብት እስካሁን የረባ ሕግ አላገኘም። ለእሷም ይጮህላታል። የአንዷ በደል የሌላዋን አያስረሳም።

«አዘገጃጀቱ እኮ የሊባኖስ ነው፤ እሷ ተቀጣሪ ናት» የሚለኝ ይኖራል። አዘገጃጀቱ የሊባኖስ መሆኑን ማን ካደ? ታቡሌ የተራራው ገበሬ ነው፣ ኪቤ የእናንተ ነው፣ ይባረክላችሁ። እኔ የምለው ስለ አብሳይዋ ነው። «አያታችን አበሰለችው» ስትሉ የምግብ ታሪክ እየተናገራችሁ አይደለም፤ ደመወዟ፣ ፓስፖርቷና ዕረፍቷ ከተወሰደባት ሴት ላይ ስሟንም ጨምራችሁ እየወሰዳችሁ ነው።

በጣም ያንገበገበኝ ደግሞ ይህ ነው። ያቺ ወዳጄ ከአንድ የሊባኖስ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ሥራ ጠይቃ «ልምድ የለሽም» ተባለች። ልምዷ ቤት ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ወረቀት የለውም፤ ማዳም የሥራ ልምድ ማስረጃ አትጽፍም። ሳህን እጠቢ አሏት። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የአያት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሜኑው «የቤሩት የቤት ምግብ» ይላል፤ የቤሩትን የቤት ምግብ ለዓመታት ያበሰለችው ሴት ሳህን ታጥባለች!

ባለቤቶቹ ይስሙኝ። የቤት ምግብ ልትሸጡ ከፈለጋችሁ የሠራችውን ሴት ቅጠሩ። ወረቀት አትጠይቋት፤ ቢላውንና አንድ እስር ፐርሰሜሎ ስጧትና እዩ። በሳህን አጣቢ ሳይሆን በአብሳይ ደመወዝ ቅጠሯት፤ ስሟንም ሜኑው ላይ ጻፉ። እኛም በጾም ቀን ጠረጴዛውን የምንሞላ ሐበሾች ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት ባለቤቱን እናስጠራና ወጥ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለች፣ ስንት እንደሚከፍላት እንጠይቀው። ካልመለሰ ኤጅዌር ሮድ ላይ ሌላ ምግብ ቤት ሞልቷል።