ለጀማሪ ልጅ የዓሣ ማጥመጃ ስንመርጥ

ባለፈው ዓመት የግማሽ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት በተዘጉበት ሳምንት፣ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጄን ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ አገኘሁት። የት እንደዋለ ብጠይቀው «ጓደኛዬ ቤት» አለኝ። ሱሪውን ለማጠብ ኪሱን ስፈትሽ ግን የልብስ መስፊያ ክሬና እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ስፒል ወጣ። ለካስ ከእኩዮቹ ጋር ተደብቆ ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ወርዶ ኖሯል።

ይህ በእኔ ቤት ብቻ የደረሰ አይመስለኝም። ወለጋ የወንዝ አገር ነው። ዲዴሳና አንገር፣ ቢርቢርና ዳቡስ፣ ወደ እነዚህም የሚገቡት ጅረቶች ብዙ ናቸው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ የምንኖር ሠራተኛ እናቶች በሥራ ላይ ስንውል የልጆቻችን እግር ወዴት እንደሚያመራ መገመት አያስቸግርም።

የመጀመሪያው ሐሳቤ እንደ ማንኛዋም እናት መቆጣትና መከልከል ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን፣ «እትዬ፣ ወንዙን ልታጥሪው አትችዪም። ይልቅ ደህና ማጥመጃ ግዢለትና እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር ይሂድ» አለኝ። ነገሩን ሳሰላስለው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ተደብቆ የሚሄድ ልጅ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚደርስለት የለም። ተፈቅዶለት የሚሄድ ልጅ ግን ከአዋቂ ጋር ይሄዳል።

ችኮላዬ ያስከተለው ኪሳራ

በማግሥቱ ገበያ ወጥቼ ዘንጉም፣ ክር የሚጠቀለልበት መዘውሩም፣ መንጠቆውም በአንድ ላይ የታሸገበት፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ገዛሁ። የሳምንት የአስቤዛ ገንዘቤ በዚያው አለቀ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «ለእኔስ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። ወንድሜ በአንድ የሽመል በትር ላይ ክርና መንጠቆ አስሮ ሰጣትና እሑድ ሦስቱም ወደ አንገር ወረዱ።

የልጁ ዕቃ ሁለት ሰዓት እንኳ አላገለገለም። መዘውሩ አልዞር አለ፣ ክሩ ተወሳሰበ፣ በጉልበት ሲስበው የዘንጉ ጫፍ ተሰበረ። የዕለቱን ብቸኛ ዓሣ ይዛ የገባችው ባለ ሽመሏ ልጄ ነበረች። ወንድምየው አኩርፎ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ጥፋቱ ግን የእሱ ሳይሆን፣ ሳልመረምር የገዛሁት የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁና በራሴም እየሞከርኩ የተማርኩትን እነሆ ለእናንተ አቅርቤአለሁ።

በሽመል መጀመር

ለጀማሪ ልጅ ከሁሉ የሚረክሰው ማጥመጃ ሽመል ነው። በቆላው የሚበቅለው ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ነው። ስለዚህም ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ጫፉም ቀጠን ያለ ቀጥ ያለ በትር ተመርጦ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ክሩ ከጫፉ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም። ከበትሩ አጋማሽ ተነሥቶ እየተጠመጠመ እስከ ጫፉ ከሄደ፣ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣውና ክሩ አይጠፉም። ከጫፉ የሚንጠለጠለው ክር ርዝመት ከበትሩ ጋር እኩል ቢሆን ለልጅ አያያዝ ይመቻል።

በውሃው ላይ ለሚንሳፈፈው ምልክት የጠርሙስ ቡሽ፣ ለክብደት ደግሞ ትንሽ ዳዶ ይበቃል። ለመንጠቆው ምግብ ከጓሮ የተቆፈረ የምድር ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተለወሰ ሊጥ ይሆናል። የሚገዛው እንግዲህ መንጠቆና የናይሎን ክር ብቻ ነው። ልጁ በዚህ ሁለት ሦስት ወር ሠርቶ ፍላጎቱ ካልበረደ ያን ጊዜ ባለ መዘውሩን ማሰብ ይቻላል። ከበረደም ብዙ አልከሠርንም።

ዘንጉን ስንመርጥ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ዘንጎች ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። የካርቦኑ ቀላልና ውድ ነው። ከድንጋይ ጋር ሲጋጭም ቶሎ ይሰነጠቃል። ፋይበር ግላሱ ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ዝቅ ያለና የልጅ እጅ የሚችል ነው። ለጀማሪ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለሁለት የሚከፈል ዘንግ ይበቃዋል። እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝመው ዓይነት ለመያዝ ቢያመችም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ አሸዋ ሲገባ ስለሚነክስና ጫፉ ደካማ ስለሆነ ባይመረጥ ይሻላል።

ከመግዛታችን በፊት ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች እንመርምር። ለዚህ አንዲት ቁራጭ ጥጥ ይዞ መሄድ ይበቃል። ጥጡን በየቀለበቱ ውስጥ ስናሳልፍ የጥጡን ጭረት ይዞ የሚያስቀር ቀለበት ካለ ነገ ክሩን ይቆርጠዋል ማለት ነው። ሁለቱን የዘንጉን ክፍሎች ገጣጥመን በቀስታ ስናወዛውዝም መንኳኳት የለበትም።

መዘውሩን ስንመርጥ

እኔን ያከሠረኝ መዘውሩ ስለሆነ በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ገንዘባችን ትንሽ ከሆነ ከዘንጉ ቀንሰን ለመዘውሩ እንጨምር። በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የኩሽኔታ ብዛት አያታልለን፤ እጃችንና ጆሯችን ይመስክሩ። መያዣውን አሥር ጊዜ ያህል እናዙረው። አሸዋ እንደሚፈጭ ቢንሿሿ፣ አንዴ ቀሎ አንዴ ቢከብድ፣ ወይም መያዣው ወዲያና ወዲህ ቢላወስ እንተወው።

ቀጥሎ ክሩን ይዘን እንጎትት። መዘውሩ ላይ የክሩን አለቃቀቅ የሚያጠብቅና የሚያላላ ቁልፍ አለ። በትክክል የሚሠራ ከሆነ ክሩ ሳይንገጫገጭ በዝግታ ይወጣል። ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ክሩ እንዳይበጠስ የሚያደርገው ይህ ነው። ለትንንሽ ልጆች ክሩ በክዳን ውስጥ የተሸፈነና በአውራ ጣት ተጭነው የሚለቁት መዘውር ይቀላል፤ ክሩም ብዙ አይወሳሰብም። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ግን ክፍቱን ዓይነት ቶሎ ይለምደዋል።

ክርና መንጠቆ

በየሳጥኑ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣው ክር ብዙውን ጊዜ ያረጀ ነው። ቆርጦ መጣልና አዲስ መጠቅለል አይጎዳም። በፀሐይ የቆየ ናይሎን ይደርቅና ይደክማል፤ ስለዚህ ከመስታወት ጀርባ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል አንግዛ። ለቆሮሶና ለመሰሎቹ ውፍረቱ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ በቂ ነው። አምባዛ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ 0.40 ይሻላል። ቋጠሮውን ከማጥበቃችን በፊት በምራቅ ብናርሰው ክሩ ተቃጥሎ አይላላም።

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ ይሁን። ለልጆች በመንጠቆው ጫፍ ላይ ያለውን የኋሊት ሹል በፒንሳ መጨፍለቅ አይዘንጋ። ጣት ላይ ቢሰካ ያለ ብዙ ጉዳት ይወጣል።

ከሁሉ በፊት ሕይወት

ከዕቃው ምርጫ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጅ ብቻውን ወንዝ አይወርድም። በዲዴሳ ጉማሬና አዞ አሉ። በክረምት ወንዞቹ ስለሚሞሉና ዳርቻቸው ስለሚደረመስ ማጥመዱ ለበጋ ይቆይ። ከመነሣት በፊትም የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። የቆመና ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዝያ ስለሚተላለፍ፣ ልጆች ከዳር ሆነው ያጥምዱ እንጂ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ዘንግ ከስፒልና ከእጅ ክር የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ እግር ሳይረጥብ ራቅ ወዳለ ውሃ ይደርሳል። ቆላው የወባ አገር ስለሆነም ሳይመሽ ወደ ቤት ይመለሱ።

አምባዛ በጉንጩ ግራና ቀኝ፣ ቆሮሶም በጀርባው ላይ የሚወጋ እሾህ ስላላቸው፣ ዓሣውን ከመንጠቆ የማላቀቁ ሥራ መጀመሪያ የአዋቂው ይሁን። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርም ሆነ በአጎበር መጥለፍ ትልቁን ከጫጩቱ ሳይለይ የሚፈጅ በመሆኑ ልጆቻችን እንዳይለምዱት እንንገራቸው። አጎበር ለአልጋ ነው።

የተያዘው ዓሣ በቆላው ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ እዚያው ሆዱ ወጥቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጥላ ይምጣ። ቤት ሲደርስ በሎሚና በጨው ታሽቶ በደንብ ይብሰል። በብዙ የደጋ ቤቶች ዓሣ ብዙም ያልተለመደ ቢሆንም ለሚያድግ ልጅ መልካም ገንቢ ምግብ ነው። በእኛ ቤት «ቁርጡሚ አልበላም» ትል የነበረችው የልጆቼ ሞግዚት ዛሬ ጭንቅላቱን ለማንም አትሰጥም።

እኛስ? ዘንድሮ ለሁለቱም ልጆቼ አንድ የፋይበር ግላስ ዘንግና አንድ ደህና መዘውር ገዝቼ በተራ ይጠቀማሉ። ተራው ያልደረሰው ሽመሉን ይይዛል። ሁለተኛ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም፤ መጋራቱ ግን አልጎዳቸውም። እኔም ሥራ በማይኖርበት እሑድ አብሬ እወርዳለሁ። የልጄ ሱሪ ዛሬም ይጨቀያል። የት እንደዋለ ግን አውቃለሁ።