ጣናን በድንኳን ስለ መዞር

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ የብስ ነው ብለን ልጆቻችንን እናስተምራቸዋለን። በዚህ ወር ልናወጋችሁ ያሰብነው ጉዞ የዚህ ግልባጭ ነው። 37 ያህል ደሴቶችን በመካከሉ የያዘውን ጣናን በየብስ መክበብ፣ ይኸውም ከዳንግላ ተነሥቶ በመኪና እየሄዱ፣ በድንኳን እያደሩ፣ ሐይቁን ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ወደ ዳንግላ መመለስ ነው።

አሳቡን ያመጡት እናታችን ናቸው። ዕድሜያቸው 74 ነው። ያደጉት በግልገል ዓባይ ዳር ስለ ሆነ ወንዙ ከሰከላ ወርዶ በመንደራቸው ሲያልፍ እያዩ ኖረዋል፤ "ሲሄድ አየሁት እንጂ ሲገባ አላየሁትም" ይላሉ። ባሕር ዳርን የሚያውቋት ለሕክምና በሄዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐይቁንም ያዩት ከመኪና መስኮት፣ ያውም በዘንባባዎቹ መካከል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን የመረመራቸው ሐኪም "እማማ፣ የሚሄዱበት ሩቅ ቦታ ካለ ዛሬ ነገ አይበሉ" ባላቸው ጊዜ ከሆስፒታሉ ደጅ ሳንርቅ "እንግዲህ ጣናን አዙሩኝ" አሉን። እኛ በጀልባ አንድ ገዳም ተሳልመው መመለስ የፈለጉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ያሉት እንደ ቃሉ ነው፤ ዙሪያውን።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚሁ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሻለቃ ቺዝማን የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ተዘዋውሮ ተመልክቶ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ዘመን የመንገደኛው ጓዝ በበቅሎ ይጫን፣ ማደሪያውም ድንኳን ነበር። ከእርሱ እጅግ አስቀድሞ ነገሥታቱ ራሳቸው ዓመቱን በድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ዛሬ ቤትና አጥር የምናስብበት "ሰፈር" የሚለው ቃላችን እንኳ ሰፈረ ከሚለው የወጣ፣ ድንኳን የተተከለበትን ቦታ የሚያመለክት ነበር። ድንኳን ይዞ መሄድ የውጭ አገር ጎብኚ ጨዋታ የሚመስላቸው ጎረቤቶቻችን ይህን ቢያስታውሱልን ደስ ይለናል። አንደኛዋ "ቤት ሳላችሁ ምን አጣችሁ?" ብላናለች።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከዳንግላ በዱርቤቴ፣ በወተት ዓባይና በመራዊ አድርገን ባሕር ዳር እንገባለን፤ 78 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግረን በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን ወደ አዘዞ እናቀናለን፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአዘዞ ወደ ደቡብ ታጥፈን በቆላ ድባ አልፈን ጎርጎራ እንወርዳለን። ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ወገን ይመጣል፤ ደልጊ፣ ሻሁራ፣ ቁንዝላ፣ ሊበን፣ በመጨረሻም ዱርቤቴ። በሄድንበት መንገድ ላይ የምንገጥመው እዚያ ነው። ከእንጅባራ የሚነሡ አንባብያን እስከ ዳንግላ ያለውን በዚህ ላይ ይጨምሩ።

በየትኛው ወገን ይጀመር የሚለው ብዙ አከራክሮናል። በምዕራቡ በኩል የጠጠር መንገድ ስለሚበዛ መኪናውም ሰዉም ሳይደክም እርሱን እናስቀድም ያለ አለ። እኛ የምሥራቁን መረጥን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ሆስፒታልና ገበያ ቅርብ ነው፤ እናታችንም ልጆቹም የድንኳንን ኑሮ እዚያ ይለምዱታል፤ የጎደለ ዕቃ ቢኖር ይገዛል። በምዕራቡ መኪና ቢበላሽ ደግሞ ወደ ቤታችን እየቀረብን ስለ ሆነ ዘመድ ይደርስልናል።

ካርታውን ዘርግተን ስንመለከት ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ጣናን የሚዞር ሰው ውኃው ከጧት እስከ ማታ በግራ እጁ የሚከተለው ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ከባሕር ዳር እስከ አዘዞ ያለው አውራ ጎዳና ከዳርቻው ርቆ የፎገራን ሜዳ ስለሚያቋርጥ ሐይቁ አልፎ አልፎ በሩቅ እንደ ብርማ ክር ቢታይ ነው። በምዕራቡም ሻሁራ ከውኃው ራቅ ያለ ነው። እናታችን በመኪና መስኮት ማየቱን ጠግበዋል፤ ያን ያህል መንገድ ወስደን ያንኑ መስኮት ብንሰጣቸው ምን አደረግንላቸው? ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትተን ሌሊቶቹን መቍጠር ጀመርን። ማታ ውኃውን እያዩ የሚተኙበት፣ ሲነጉም ውኃው ፊት ለፊት የሚገኝበት ቦታ የት የት ነው? ዘጠኝ ሌሊት አገኘን። ሁለቱ በባሕር ዳር ናቸው፤ በመካከላቸው ባለው ቀን ዘጌ ሄደን ከቡናው ጫካ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንሳለማለን። አንዱ በጎንደር በዘመድ ቤት ነው፤ ገላ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ይሆነናል። ሦስቱ ደብረ ሲና ማርያም ባለችበት በጎርጎራ፣ አንዱ በደልጊ፣ ሁለቱ በቁንዝላ ይውላሉ። ከጎርጎራ ሦስት ሌሊት አንዱን ቀንሳችሁ ለጎንደር ስጡ ያሉን ሰዎች አሉ። ፋሲል ግንብ የትም አይሄድም።

ጊዜውን የመረጥነው በባሕረ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ስለሚያጥለቀልቁት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው አይታሰብም። ከዝናብ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፤ ገና በየቤቱ ይከበራል፤ ለጥምቀት ደግሞ ታቦቱን ትቶ የሚሄድ የለም። ስለዚህ የቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ጥር 13 ቀን ተነሥተን ጥር 22 ቀን እንገባለን። በማግሥቱ፣ በጥር 23፣ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለ ሆነ ልጆቹ እርሱን ካጡ ጉዞውን ሁሉ እንደሚጠሉት እናውቃለን። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በፊት ከቶ አይገባም፤ በጉዟችን መካከል የሚገባበት ዓመት ቢመጣ ግን ስንቁን የጾም አድርጎ መያዝ ነው። ረቡዕና ዓርብም እንደ ቤታችን ነው።

ስለ ስንቅ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ እናቶች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ፣ ከእንጅባራ ገበያ አንድ ኩንታል ሳይሆን ግማሽ ኩንታል ድንች። (ኩንታሉን ያሰበው የቤቱ አባወራ ነው።) ማገዶ ከዳርቻው እንዳንለቅም ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ሁለት ማዳበሪያ እንይዛለን፤ በሐይቁ ዳር ቆመው የቀሩት ዛፎች አብዛኛውን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ስለ ሆኑ ለእንጨት የሚነኩ አይደሉም። ድንኳን ከመትከል በፊት የቦታውን ባለቤት፣ የቀበሌውን አስተዳደር፣ ከደብር አጠገብ ከሆነም ገበዙን ማስፈቀድ ይገባል። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ በየደረስንበት የምናበረክተው ለብቻው ታስሯል።

ዳርቻው የራሱ ባለቤቶች አሉት። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ በደንገሉ አጠገብ፣ ይልቁንም ሣሩ በተጋጠበትና መንገድ በወጣበት ቦታ ድንኳን አይተከልም። ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ ስትሆን ሐይቁ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጥርም ቢሆን ትንኝ አይጠፋምና አጎበር ለእያንዳንዱ መኝታ ያስፈልጋል። ልጆች ውኃ ባዩ ቍጥር መግባት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ እንዳይዋኙ ከወዲሁ ቃል አስገብተናቸዋል። ታናሿ "ታዲያ እስከ ቍርጭምጭሚት?" ብላ ጠይቃለች። እስከ ቍርጭምጭሚትም አይሆንም።

ድንኳኑን ያገኘነው በመከራ ነው። የእድራችንን ድንኳን ለመዋስ አስበን ነበር፤ ያ ድንኳን ሲነሣ ስምንት ሰው፣ ሲተከል ቀብር የሚያህል ሕዝብ ስለሚፈልግ ተውነው። በመጨረሻ ስድስት ሰው የሚያስተኛ አንድ ድንኳን ገዛንና ከመሄዳችን በፊት በጓሯችን ተከልነው። ጉዞ ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ሁሉ ከምንመክረው ውስጥ ይህ ዋናው ነው። ያን ሌሊት የተማርነውን ካርታውን ስናጠና በከረምንባቸው ወራት አልተማርነውም። የዳንግላ የጥር ብርድ ከምድር ወደ ላይ እንደሚመጣ፣ ስለዚህ ከላይ ከሚደረበው ብርድ ልብስ ይልቅ ከታች የሚነጠፈው አጎዛ እንደሚበልጥ አወቅን። ሌላውን ያወቅነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እናታችን ለመውጣት ፈልገው ከመሬት መነሣት አልቻሉም፤ እኛንም ላለመቀስቀስ ለብዙ ጊዜ በጉልበታቸው ተንበርክከው የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ቆይተዋል። የነቃነው ምሰሶው ሲንገዳገድ ነው። በማግሥቱ ጧት ማንም ሳይናገር የጠፍር አልጋቸው ተለክቶ እግሩ እንዲያጥር ወደ አናጢ ተላከ። አሁን በመኪናው ጣራ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጫነው እርሱ ነው።

ደሴቶቹን በሚመለከት ደግሞ በቤታችን ጠብ ተነሥቶ ነበር። የ14 ዓመቱ ልጃችን የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበትን ዳጋ እስጢፋኖስን ለማየት ተመኝቷል። ዳጋ ሴት አይገባበትም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ወንዶቹ ወደ ዳጋ ቢሻገሩ እናታችን፣ ባለቤትና ታናሿ ልጅ ጀልባ ውስጥ ወይም ወደብ ላይ ሊቀሩ ነው። ሥርዐቱ የአባቶች ነውና አንከራከርበትም፤ ግን ቤተ ሰቡን አንድ አድርጎ ለመሄድ የታሰበን ጉዞ በመካከሉ ለሁለት መክፈል አልተዋጠልንም። ስለዚህ በጉዞው አንዲት ደሴት ብቻ እንድትሆን ወሰንን፤ እርስዋም ደቅ ናት። ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ሰፊዋ ስትሆን ገበሬዎች የሚኖሩባት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችባት ናት፤ ሁሉም ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጧት ተሻግረን ሳይረፍድ መመለስ አለብን። ልጃችን ይህን ሲሰማ አኰረፈ። አያቱ ጠርተው "አንተ ከአባትህ ጋር ሌላ ጊዜ ትሄዳለህ፤ ለእኔ ሌላ ጊዜ የለኝም" አሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳጋ አንሥቶ አያውቅም፤ የጀልባውን ነገር የሚጠይቅልን እርሱ ሆኗል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው "ታዲያ እንዴት ነበር?" ማለቱ አይቀርም። አልሄድንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ አንድ ሾፌር ከቤቱ ወጥቶ መቼ እንደሚመለስ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ አሮጊትና ሕፃን ጭኖ በሻሁራና በቁንዝላ እንዲያልፍ መጠየቅ ድፍረት ነው። ሁለት ጊዜ ቀን ቈርጠን ሁለት ጊዜ ሰርዘናል። በሁለተኛው ጊዜ በሶው ተፈጭቶ፣ መኪናው ተስማምቶ ነበር፤ በጥር 12 ማታ ሾፌሩ ደውሎ "ይቅር" አለን። በሶውን ለሰንበቴ አወጣነው። ብዙ ቤተ ሰብ ከእኛ የበለጠ ነገር በዚህ ዘመን እንዳጣ እናውቃለን፤ የጉዞ መቅረት ከኀዘን ጋር አይቈጠርም። እናታችንም አላማረሩም። "መንገዱ እስኪታረቅ" ብለው ብቻ ዝም አሉ።

ዕቅዱን እስከዚያ መተው ይሻላል ያሉን አሉ። እኛ ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ ወረቀቱን አውጥተን እናስተካክለዋለን። ባለፈው ስናወጣው የጎርጎራው ሦስት ሌሊት ለእናታችን ይበዛ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው፤ ጉልበታቸው እየከፋ ስለ ሄደ ከባሕር ዳር ብቻ ተመልሰን ብናሳጥረውስ አልን። አልተቀበሉም። ይልቁንም ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ በጀልባ ሊታይ ይችል እንደ ሆነ ከባሕር ዳር ባለጀልባዎች አንዱን እንድንጠይቅላቸው አዘዙ። ጠየቅን፤ ውኃው ጸጥ ባለበት ጧት ይቻላል ተባልን። አንድ ቀን ተጨመረ፤ ስለዚህ የጥር 23ቱን የፈረስ በዓል ለመድረስ ከደልጊው ወይም ከቁንዝላው አንድ ሌሊት መቀነስ ሊኖርብን ነው፤ ይህን ገና አልወሰንንም።

ድንኳኑ በጎተራው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እግሩ ያጠረው የጠፍር አልጋ ግን ከቤት አልወጣም፤ እናታችን ለመነሣት ይመቸኛል ብለው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚተኙት በእርሱ ላይ ነው።